ከማመልከቻው ላይ ያስቀረኋት ቃል

ይህ የሆነው መገናኛ ላይ የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው። ከአንድ ማመልከቻ ላይ አንዲት ቃል አስቀርቼ ነበር። ቃሏ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም።

የምሠራው በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ደንበኞች የሚያመጡትን መመሪያ እያነበብኩ ነው ደብዳቤ አጻጻፍ የተማርኩት። ነጠላ ሰረዝ እንኳ ያለ ቦታዋ አላስቀምጥም።

አንድ ጠዋት አቶ ቶሎሳ የሚባሉ የወሰን ሰፈር ሰው መጡ። ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን የመጋዘን ጥበቃ ናቸው። ሁለት ልጆቻቸው ተመርቀዋል። የሁለቱም ዲግሪ ግን የወጪ መጋራት ዕዳቸው ተከፍሎ እስኪያልቅ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ተይዟል። የሴቷ ዕዳ በየወሩ ከደመወዟ ይቆረጣል። የወንዱም ከእሷው ጋር ተጠቃሎ እንዲቆረጥና ሲያልቅ ዲግሪውን ራሳቸው ሊወስዱለት ፈለጉ። ልጁ በተመረቀ በአራተኛው ወር በመኪና አደጋ ሞቷል።

«ሟች ዳዊት ቶሎሳ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

«የመጀመሪያዋን ቃል ተዋት፣ ልጄ» አሉኝ። «ስሙን ብቻ ጻፍልኝ።»

አጠፋኋት። ከዚያ ላስረዳላቸው አብሬያቸው ዕዳውን ወደሚሰበስበው ቢሮ ሄድኩ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ አነበበችው። «አባባ፣ የሚጠቃለለው የአንድ ሰው ዕዳ ነው። ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ተዛውሮ ሁለት ውል የፈረመ ካለ እናጠቃልልለታለን። የእህትና የወንድም ግን አይሆንም። ራሱ ይምጣ።»

«አይመጣም።»

«ውጭ ነው እንዴ?»

ማመልከቻውን መልሰው ወደ እሷ ገፉት። ከኋላችን አንዱ፣ «ልጅ ይማራል፣ አባት ይሰለፋል!» አለ። ሌላው፣ «ፋዘር፣ ደውለው ይጥሩት በቃ፤ ሰዓቱ ሄደ እኮ» ሲል ሰልፉ ሳቀ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፌ አልከፈት አለኝ።

«ልጄ ሞቷል» አሉ አቶ ቶሎሳ፣ ሁሉም እስኪሰማ።

ሳቁ ቆመ። ሠራተኛዋ ከወንበሯ ተነሣች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ። የሞተ ሰው አይጠየቅም። የሞት ማስረጃ ያምጡ፤ ዕዳው ይዘጋል፣ ዲግሪውን እንዲሰጡዎት እንጽፋለን።»

«ማሩኝ አላልኩም እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «እንክፈልለት ነው ያልኩት።»

በማግስቱ ማስረጃውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «አሁን ጻፋት» አሉኝ። ጻፍኳት። ጣታቸውን ቃሏ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ፈረሙ።

ከወራት በኋላ ዲግሪውን በፕላስቲክ ጠቅልለው አሳዩኝ። እዚያ ላይ ስሙ የተጻፈው ያለዚያች ቃል ነበር።

አሁንም ያኔ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል። ደንበኛ አንድ ቃል ተውልኝ ካለኝ ዛሬም እተውለታለሁ። ግን አብሬው እሄዳለሁ፤ መስኮቱ ጋ የምናገረው እኔ ነኝ።