አባየ ከእጄ የጠጡት አብሾ

ባለፈው ክረምት ወደ ወረታ ገበያ ስወርድ፣ ከአንድ በረት ጀርባ የበቀለ አስተናግር ረግጨ ኖሮ፣ ያ እንደ በሰበሰ ቆዳ የሚከረፋ ሽታው ድንገት አፍንጫየን ሞላውና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ፣ ምን ልገዛ እንደመጣሁም ጠፋብኝ። ሽታውስ ይሁን፤ ያስፈራኝ መርሳቴ ነው፣ ከዚያ ቀን በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ገጥሞኛልና። አባየንም የጀመራቸው እንዲሁ ነበር።

አባየ በፎገራ ሜዳ ላይ ባለች በአንዲት ትንሽ ደብር መሪጌታ ነበሩ። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ከዚያ በላይ አልተማርኩም። በልጅነታቸው ተማሪ ቤት ሳሉ፣ እንደ ጓደኞቻቸው ሁሉ፣ ትምህርቱ በልባቸው እንዲቀር ከአስተናግር የሚበጠበጠውን አብሾ ጠጥተዋል ይባል ነበር፤ መጽሐፍ ሳይገልጡ ሲያዜሙ የሰማ ሁሉ «የአብሾው ነው» ይል ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ግን፣ ሽምብራ በሚነቀልበት ወራት፣ ዜማው መሀል ላይ ይቋረጥባቸው ጀመር።

«የኔታ፣ ዛሬስ የት ጠፉ? በሬ እየፈለጉ ነው?» ይሏቸው ነበር ደብተራዎቹ እየሳቁ።

«የርብ ወንዝ ሞልቶብኝ ነው፤ ቆዩ፣ ሲጎድል እሻገራለሁ» ይሉ ነበር እሳቸውም እየሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን አይስቁም ነበር፤ መደብ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን እያጠፉ የኛን የልጆቻቸውን ስም ይቆጥሩ ነበር፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ ስሜን እኔው እነግራቸው ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ሜዳውን ውሃ ሲውጠው፣ ወንድሞቼ እንደ ወትሯቸው ከብቱን ይዘው ወደ ደጋ ወጡ፣ ጎረቤቱም ተከተላቸው፣ አባየ፣ እማየና እኔ ሦስታችን ብቻ ቤታችን ባለበት ጉብታ ላይ ቀረን። ከእንቁራሪት ጩኸት በቀር ድምፅ አልነበረም። የሚያጫውተኝ ልጅ ስላልነበር ቀኑን ሙሉ አባየ እግር ሥር እውል ነበር፤ አንዳንድ ቀን በሟች እህታቸው ስም ይጠሩኝ ነበር፣ እኔም «አቤት» እል ነበር፣ ከዝምታው ይሻል ነበርና።

አንድ ጧት እማየ የአስተናግር ቅጠል ስትወቅጥ ደረስኩባት። ክረምቱ ሳይገባ ከአንበሳሜ በኩል የመጣ አንድ መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ፣ በአብሾ የተከፈተ ልብ ቢዘጋ የሚከፍተው ያው አብሾ ነው ብሏት ኖሯል።

«አንች ስጫቸው» አለችኝ፣ ጠላ ውስጥ በጥብጣ አንኮላውን እያስያዘችኝ። «እኔን ምን ጨመርሽበት ይሉኛል፤ አንችን አይጠረጥሩም።»

አባየ ጎንጨት አሉና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይመራል ልጄ፣ ምንድን ነው?»

«ጌሾ በዝቶበት ነው፣ አባየ» አልኳቸው። ያንን ውሸት ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ጭልጥ አደረጉት።

እኩለ ቀን ሳይሆን ዓይናቸው ፈጦ፣ አፋቸው ደርቆ፣ ከጋቢያቸው ላይ የሌለ ነገር ይለቅሙ ጀመር፤ ወደ ውሃው ካልወጣሁ ብለው ሲታገሉን እማየ እያለቀሰች በጠፍር ከምሰሶው ጋር አሰረቻቸው። ብንጮህም የሚሰማን ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሰከኑ። ደስ ብሎኝ ውሃ ይዤ ብቀርባቸው ግን ወደ ግድግዳው አፈግፍገው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

መስከረም ጠብቶ ወንድሞቼ ከነከብቱ ሲመለሱ አባየ አላወቋቸውም። በበጋው የደብሩን መንገድ ረሱ፣ ዜማውንም ረሱ። ከማንም እጅ ይቀበሉ ነበር፣ ከኔ በቀር። ስሜን ረሱት፣ እጄን አልረሱትም። በሚቀጥለው ሐምሌ እስኪያርፉ ድረስ እኔ የቀዳሁትን ውሃ እማየ ተቀብላኝ ነበር የምታጠጣቸው፣ እኔና እሷም ስለዚያች ጧት አንድም ቀን ሳንነጋገር እሷም አለፈች።

ዛሬ ልጄ ሐሙሲት ከተማ የሐኪም ረዳት ናት። መርሳቴን በነገርኳት ቀን «በውጭ አገር ከቅጠልና ከሥር የሚጨመቅ ነገር ለመርሳት በሽታ ይበጅ እንደሆን እየሞከሩ ነው አሉ፣ እማየ፤ ግን ገና ነው» አለችኝ።

«በማን ነው የሚሞክሩት?»

«መጀመሪያ በአይጥ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ያን ጊዜ ነገርኳት። ሳቋን አቆመችና «ልጅ ነበርሽ እኮ» አለችኝ፤ እስካሁን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ያኔ ሦስት ሆነን ባንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን የሚያስፈራንን ለየብቻችን እንደብቅ ነበር። አሁን የረሳሁትንም የሚያስፈራኝንም ሁሉ ለልጄ እነግራታለሁ፣ እሷም ምንም ሳታጠጣኝ ትሰማኛለች። ያኔ ከሰው የለየን ውሃው ነበር፤ አሁን መንገዱ ክፍት ነው፣ መኪናው ሲመጣ ሲሄድ ይሰማኛል፣ ልጄ ግን የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አመሻሽ ላይ ተነሥታ ትሄዳለች፣ እኔም እስከሚመጣው ቅዳሜ ብቻየን ስፈራ እሰነብታለሁ።