የፋናዬ ድስት

ሮቤ ውስጥ ካሴት የሚውጥ ቴፕ፣ ድምፁ የታፈነ ሬዲዮ ሁሉ የሚሄደው ዘይነዲን ሱቅ ነበር። ዘይነዲን ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ አመሉ አንዲት ናት፤ ነገር ከጀመረ ጥግ ሳያደርስ አይለቅም። ጉድ የሠራችውም እሷው ናት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ድሮ ተደብቆ ይሰማ የነበረው መንፈሳዊ ካሴት በአደባባይ መሸጥ ጀምሯል። መሸሻ የሚባል፣ ከከምባታ መጥቶ እዚህ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ጴንጤ፣ የተበላሸ ቴፑን ሲያመጣ የኢየሱስ ሕይወት በኦሮምኛ የሚተረክበት ካሴት ውስጡ ረስቶ ነበር። ዘይነዲን ቴፑን ጠገነና ለሙከራ አጫወተው። ሙከራ አፍታም አይፈጅ፤ እሱ ግን ሱቁን ገርበብ አድርጎ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ሲሰማ ቆየ።

የመርየምን ልጅ ኢሳን ያውቀዋል። እናቱ እማማ ሽቶ ስለ ነቢዩ ኢሳ ልደት ሲያወሩ እየሰማ ነው ያደገው። የማያውቀው ሌላውን ነው። ሰው የሸሸውን ለምጻም በእጁ መንካቱን፣ ከቀራጩም ከሴተኛ አዳሪዋም ጋር አንድ ማዕድ መቅረቡን። ይኼ የማዕዱ ነገር ሆዱ ገብቶ ቀረ። «ቆይ፣ ለምንድነው ከእነሱ ጋር የበላው?» እያለ መሸሻን ያደርቀው ጀመር። ማታ ማታ ይሄዳል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ተቆጥቶ ይወጣል፣ በነጋታው ደግሞ ያው ተመልሶ ነው። ማንም አልከፋውም። ክርክር ይወዳል ተብሎ ታለፈ።

እዚህ አገር ሃይማኖት የሚለወጠው በክርክር አይደለማ። «ሥጋ በላ» የተባለ ዕለት ነው የሚያበቃው። እስላሙ ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም፣ ክርስቲያኑም እስላም ያረደውን። ያም ሆኖ ሰው በዚህ ተቀያይሞ አያውቅም፤ ጨዋ ቤት ለበዓል ሁለት ድስት ይጥዳል። የመሸሻ ሚስት ፋናዬም እንደዚያው ናት። ጎረቤታቸው ጀሊል የሚያርድላት ዶሮ ለእስላም እንግዶቿ ለብቻው ይሠራል፤ ድስቱም ጭልፋውም የተለየ ነው።

የፋሲካ ዕለት መሸሻ ቤት ዘይነዲንና ጀሊል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፋናዬ መጀመሪያ የእነሱን አወጣችላቸው። ቀጥላ የቤተሰቡን ቀይ ድስት ይዛ ስታልፍ ዘይነዲን ሳህኑን ዘረጋላት።

«ይኼ ያንተ አይደለም» አለችው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ጨምሪልኝ።»

ጨመረችለት። ጀሊል የተባባሉትን አልሰማም። ያየው ቀዩን ድስትና የዘይነዲንን ጉርሻ ነው። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጣ።

ወሬው ዘይነዲንን ቀድሞ እቤቱ ገባ። ሚስቱ ሃጂራ እርጉዝ ሆዷን ይዛ ጊኒር አባቷ ቤት ሄደች። ደንበኛም ጠፋ። ይኼን ሁሉ ችሎት ነበር። ያልቻለው የእናቱን ነው። እማማ ሽቶ ታመው አልጋ ላይ ከወደቁ ሰንብተዋል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ እቤት ይሁኑ ብሏል። ሌላ ልጅ የላቸውም። ወሬውን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ሥጋ የበላ ልጅ አይሸከመኝ» አሉ። «አፈር እንዳያለብሰኝ።»

ሽማግሌዎች እናቱ ከተኙበት ቤት መጡ። ትልቁ ሐጂ ማሜ ቂም የማያውቁ፣ ገራም ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ባለማወቅ ከሆነ አላህ መሐሪ ነው» አሉት። «ሳላውቅ ነው በል፣ በዚሁ ይለቅ።» ዘይነዲን አንገቱን ደፋ። አውቆ ነዋ የበላው። በሕይወቱ እንደዚያች ጉርሻ አውቆ ያደረገው ነገር የለም።

ማንም ሳይጠራት ፋናዬ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ድስቱ ተምታቶብኝ ነው። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።»

ወደ ዘይነዲን አላየችም። እናቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

«ያ ኢልማ፣ ዱጋ?» አሉት። ልጄ፣ እውነት ነው? ክሳት የጨረሰው እጃቸው ወደ እሱ ተዘርግቷል።

«ዱጋ» አለ ዘይነዲን። «ተሳስታ ነው።»

እናቱ በዚያው ሳምንት እጁን እንደያዙ ሞቱ። ተሸከማቸው፤ መቃብር ወርዶ በገዛ እጁ አስተኛቸው። ሃጂራ ተመለሰች። ደንበኛም እያዘነለት ከድሮው ባሰ ጎረፈለት።

በፋናዬ ላይ ግን ቀን ጨለመ። «ሰው ያለ ሃይማኖቱ ያበላች» ተባለች። ጀሊል ከእንግዲህ አላርድልሽም አላት። ከቤቷ ውሃ የሚቀምስ እስላም ጠፋ፤ የገዛ ወገኖቿ ሳይቀሩ ስማችንን አስጠፋሽ አሏት። ልጇ ሩሃማ በየቀኑ እያለቀሰች ከትምህርት ቤት ትመለሳለች። ዘይነዲን ይኼን ሁሉ ከሱቁ ሆኖ ያያል። ዛሬ እናገራለሁ ይላል። የእናቴ ሐዘን ይውጣ ይላል። ሃጂራ ትውለድ ይላል። ሐዘኑም ወጣ፣ ሃጂራም ወለደች።

መሸሻ ዝውውር ጠይቆ ተፈቀደለት። ዕቃ ሲጭኑ ዘይነዲን አላስቻለውምና ሄደ። መሸሻ አቀፈው፤ ምንም አልጠየቀውም። ፋናዬ ፍራሽ እያሰረች ነበር።

«ለእናቴ ያደረግሽውን አልረሳውም» አላት።

ገመዱን ሳብ አድርጋ ቋጠረች።

«እናቱን ይቅበርና ይናገራል ብዬ ነበር» አለች።

መኪናው ሄደ። ጀሊል ከደጃፉ ሲያይ ቆይቶ መጣና ትከሻውን ያዝ አደረገው። ከልቡ አዝኖለት ነው።

«ያቺ ሴትዮ ምን ያልሠራችህ አለ» አለው።

«ተወው፣ አለፈ» አለ ዘይነዲን።