አራቱ የሕፃናት ክፍሎች

ወንድሜን በሥራ ቦታው ጋሽ እርማት ይሉት ነበር። ነርሶቹም፣ ጥበቃዎቹም፣ ሐኪሞቹም ሳይቀሩ። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔና የሠራተኛ መዝገብ የምትይዘዋ ጸሐፊ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ክፍሉ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበር፤ መስኮቷ በእግረኛ ቁርጭምጭሚት ልክ። የማጠቢያ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ጠረጴዛው ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆውን ሁልጊዜ እስከ ግማሽ ብቻ ነበር የሚሞላው። ቤትም ለምዶበት ግማሽ ይሞላል። አብረን ስለኖርን እኔም ለመድኩት፤ አሁንም ግማሽ ነው የምሞላው።

ሥራውን ለጎረቤት ማስረዳት ይቸግረኝ ነበር። ሆስፒታሉ ዳሽቦርድ የሚሉት ፕሮግራም አለው። በየፎቁ በተሰቀሉ ስክሪኖች ላይ ስንት አልጋ እንደተያዘ፣ ስንት ሰው ወረፋ እንደሚጠብቅ በቁጥርና በቀለም ያሳያል። እሱን የሠሩት ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች ናቸው። ወንድሜ የሠራው በዚያ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ነገር ነው፤ ቅጥያ ይላታል። ቅጥያዋ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየክፍሉ ስንት ሙሉ የኦክስጅን ሲሊንደር እንዳለ። ከአራት ሲያንስ የክፍሉ መስመር ቀይ ይሆናል።

የሠራት አንድ ቀን ደረጃ ላይ በመውደቁ ምክንያት ነው። በተቀጠረበት ዓመት አንዲት ነርስ ከአራተኛ ፎቅ እየሮጠች ስትወርድ ደረጃው ላይ ገጭታው ወደቀ። ሲሊንደር መኖር አለመኖሩን ምድር ቤት ካለው መጋዘን ልትጠይቅ ነበር የምትሮጠው። መጋዘኑ ተቆልፏል፤ ባለመጋዘኑ ምሳ ሄዷል። ወንድሜ ያን ዕለት ክርኑን እያሸ ገባና፣ “እቴቴ፣ ሰው ለአንድ ቁጥር እንዲህ ይሮጣል እንዴ?” አለኝ።

ቅጥያዋ ከተሠራች በኋላ ግን ሥራው ሁሉ ማረም ሆነ። የፕሮግራም ስህተትን ባግ ይሉታል። እኔ መጀመሪያ በግ መስሎኝ ነበር። “ዛሬ ሁለት ያዝኩ” ሲለኝ፣ “የት ልናሳድራቸው ነው?” ብዬው እስኪታመም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲገባ፣ “ስንት በግ?” እለዋለሁ፤ “አንድ፣ ግን ቀንዳም ናት” ይለኛል።

ባረመ ቁጥር አዲስ ስሪት ያወጣና ከሥሩ ማስታወሻ ይጽፋል። “ስሪት 1.6፦ ሲሊንደር ሲያልቅ በዜሮ ፋንታ ባዶ ቦታ ይታይ የነበረው ታርሟል። ለደረሰው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።”

“እንጠይቃለን ስትል ማንና ማን ናችሁ?” አልኩት አንድ ቀን ከትከሻው በላይ አንብቤ።

“እኔና አንቺ።”

“እኔ ምን አደረግሁ? ይልቅ ይህንን ማን ያነበዋል?”

“ማንም።”

“ታዲያ!”

“ያላነበበውም ተጉላልቷል እኮ፣ እቴቴ።”

ትልቁ በግ የመጣው ከፊደል ነው። ባለመጋዘኑ ክፍሉን ህጻናት ብሎ ይመዘግባል። ነርሶቹ ሕፃናት ይላሉ። የጥገና ክፍሉ ህፃናት፣ የግዥ ክፍሉ ደግሞ ሕጻናት። ለሚያነብ ሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ክፍሎች። በአንድ ጣራ ሥር ያሉት አሥራ አንድ ሲሊንደሮች አምስት፣ ሦስት፣ ሁለትና አንድ ሆነው ለአራት ይከፋፈላሉ፤ ሦስቱ መስመሮች ጠዋትም ማታም ቀይ ናቸው። ነርሶቹ ቀዩን ስለለመዱት ማየት ተዉ። የእውነት ሲያልቅም ያው ቀይ ነው።

የክፍሉ ዋና ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት፣ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ፣ “ጋሽ እርማት፣ አንድ ሕፃናት ክፍል አልበቃን ብሎ አራት አደረግህልን? በል እንግዲህ ነርሶቹንም በአራት አባዛልን!” አለችው።

አንድ ወር ፈጀበት። በስሪት 2.1 ቅጥያዋ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን እንደ አንድ እንድትቆጥር አስተማራት፤ ሐመሩን ሐ ከሀሌታው ሀ፣ ፀሐዩን ፀ ከጸሎቱ ጸ ሳትለይ። በማግስቱ ስክሪኑ ላይ አንድ ሕፃናት ክፍል፣ አሥራ አንድ ሲሊንደር፣ አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በዚያ ደረጃ ላይ ለሲሊንደር የሮጠ ሰው አልነበረም። በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እሱንም ሲናገረው የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ካልሲ እየቀየረ።

በአራተኛው ዓመት እግሩ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ የደረቱን የራጅ ፎቶ ወደ መብራት ከፍ አድርጎ፣ “ልብዎ ሰፍቷል” አለው።

“ልበ ሰፊ መሆኑንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል” አልኩ እኔ። ሐኪሙ አልሳቀም። ወንድሜ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞሮ ለመጨረስ ብዙ ቆየ። ጨው ተከለከለ፤ ደረጃ ተከለከለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ጨው አልባ ሾርባ እየሠራሁ መውሰድ ያዝኩ። “እቴቴ፣ ይህ ሾርባ ባግ አለበት” ይለኝ ነበር።

በዚያው ወር ከዋናው ፕሮግራም ሠሪዎች ደብዳቤ መጣ። አዲስ ስሪት ይወጣል፤ የድሮው በሁለት ወር ውስጥ ይዘጋል። በአዲሱ ውስጥ ቅጥያዎች የክፍል ስም መንካት አይችሉም። ስም የሚወሰደው ተቋሙ በጽሑፍ ካጸደቀው ዝርዝር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ የሌላት ቅጥያ አትገባም።

ወንድሜ ግን አልደነገጠም። “አንዲት ፊርማ ናት” አለኝ። “አንድ ሰው ‘ክፍሉ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል’ ብሎ ይፈርማል፤ ሁሉም በዚያ ይመዘግባል። ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።”

የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ግን፣ “ይህንን በግሌ ልወስን አልችልም” ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ። የመጀመሪያው ስብሰባ ሰው ባለመሟላቱ ተበተነ። ሁለተኛው ላይ አራቱም አጻጻፎች ደጋፊ አገኙና ተበተነ። ወንድሜ በዚህ መካከል አልጋው ላይ ሁለት ትራስ ተደግፎ አዲሱን ስሪት ሠርቶ ጨረሰ። የቀረችው የስሙ መስመር ነበረች። “ልጁ ተወልዷል” ይላል ባዶዋን ቦታ እያሳየኝ፣ “ስም የሚያወጣለት ጠፋ እንጂ።”

ሦስተኛው ስብሰባ የተጠራው የድሮው ስሪት ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱም ተበላሽቷል። አትሂድ ብለው አልሰማኝም፤ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ አብሬው ወጣሁ። በየፎቁ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ሳልቸኩል ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለፈ ሐኪም፣ “ምን ጠፍቷችሁ ነው?” አለን። “ፊደል” አለው ወንድሜ።

ስብሰባው ላይ ከበሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሰብሳቢው የመረጃ ኃላፊው ነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ፣ ባለመጋዘኑና ሲስተር ነበሩ፤ አንዲት ጸሐፊም ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

“በሐመሩ ሐ እና በፀሐዩ ፀ ነው። ከዚህ ውጪ ያለው ስህተት ነው፣ አለቀ” አለች የሕዝብ ግንኙነቷ።

“እኔ ሃያ ዓመት በሀሌታው ስጽፍ አንድ ሲሊንደር አልጠፋብኝም” አለ ባለመጋዘኑ።

“እርስዎ የሚጠፋብዎት ሲሊንደሩ አይደለማ፣ ቁልፉ ነው” አለች ሲስተር። ተሳሳቁ።

“ሥነ ሥርዓት!” አለ ሰብሳቢው።

ወንድሜ እጁን አወጣ። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። “የተከበራችሁ፣ ለእኔ የትኛውም ይሁን። ተሳስቶም ቢሆን አንድ ይሁን።”

የሕዝብ ግንኙነቷ ብዕሯን አስቀመጠች። “ተሳስቶም ቢሆን? የተሳሳተ ነገር ላይ ፈርሙ ነው የምትለን? አንተ? ጋሽ እርማት?”

“እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ካልሆነ ቁጥር እንስጠው። ሰባት ይባል።”

“ቁጥር ለመስጠት መጀመሪያ ስሙ መጽደቅ አለበት” አለ ሰብሳቢው።

“እኔ ልፈርም!” አለች ሲስተር። “ክፍሉ የኔ አይደለም እንዴ?”

“ክፍሉ የሆስፒታሉ ነው፣ ሲስተር። ደግሞም አሁን ጉዳዩ ትክክልና ስህተት ተነሥቶበታል። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ደፍሮ ይፈርማል?”

ጉዳዩ ለቋንቋ ባለሙያ በጽሑፍ ይቅረብ ተብሎ ተወሰነ። ወንድሜ ቃለ ጉባኤውን ተቀብሎ አነበበና ወደ እኔ አዘነበለው። ጸሐፊዋ በአንዲት ገጽ ላይ ክፍሉን በሦስት ዓይነት ጽፋዋለች።

“ልንገራቸው?” አልኩት በሹክሹክታ።

“ተይው፣ እቴቴ። ይህን ካነሣን አራተኛ ስብሰባ ይጠራል።”

ስንወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀመጠ። “ተሳስቶም ቢሆን ማለት አልነበረብኝም” አለ።

“ምን ነበር የምትለው?”

“ምንም። ዝም ብል ኖሮ ሲደክማቸው ይፈርሙ ነበር።”

ይህንኑ ቤት ገብተን ደገመው። በማግስቱም ሾርባውን እየበላ ደገመው። ልበ ሰፊ የተባለ ሰው፣ በሌላ ሰው ላይ እንዲህ ሲይዝ አይቼው የማላውቀውን ቂም በራሱ ላይ ያዘ።

በመዝጊያው ቀን ጠዋት ተነሥቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሕፃናት ክፍል፣ ዘጠኝ ሲሊንደር፣ አረንጓዴ። ረፋድ ላይ፣ እኔ ወለሉን እየጠረግሁ፣ “ሄደች” ሲል ሰማሁ። ሄጄ ሳይ መስመሩ የነበረበት ቦታ ግራጫ ሆኖ “ይህ ቅጥያ አይደገፍም” ይላል። እንደ ልማዱ ማስታወሻ ጻፈ። “ስሪት 3.0፦ አልወጣም። ለደረሰው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።”

ማንና ማን ናችሁ ብዬ አልጠየቅሁትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፈ፤ እዚያው ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የወንዶች ክፍል። ኦክስጅን አልጎደለበትም። ይህን የምጽፈው ሰው የማይሆን ነገር እንዳያስብ ነው። ልቡ ነው የደከመው።

ከወር በኋላ ዕቃውን እንድወስድ ደወሉልኝ። ብርጭቆው፣ የወንበሩ ትራስ፣ ፊደሎቹ የተፋቁ ኪቦርድ፤ ሁሉም አንድ ካርቶን አልሞላም። ጠረጴዛው ላይ በስሙ፣ በትክክለኛ ስሙ፣ የተጻፈ ፖስታ ነበር። ከፍቼ ቆሜ አነበብኩት።

“ከባለሙያ በተሰጠው አስተያየት መሠረት አራቱም አጻጻፎች በሥራ ላይ የዋሉ በመሆናቸው አራቱም ተቀባይነት ያላቸው መሆኑን እናሳውቃለን።”

አንዲት ፊርማ ነበር የፈለገው። ወረቀቱ ላይ አራት ነበሩ፤ ማኅተሙም አልቀረም።

ለማን እንደምሰጠው አላወቅሁም። ለሲስተር ልስጣት ብዬ ካርቶኑን ወንበሩ ላይ ትቼ ደረጃውን ያዝኩ። ሊፍቱ አሁንም አልተሠራም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ስክሪን በርቷል፤ አልጋ አለ፣ ወረፋ አለ፣ ከታች ግራጫ ቦታ። ከአጠገቡ በማጣበቂያ የተለጠፈ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮች ተሰርዘው ተደራርበዋል፤ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ከላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አንዲት ወጣት ነርስ የደረጃውን መደገፊያ በእጇ እየዳበሰች ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ትወርዳለች። “እማማ፣ ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ!” አለችኝ። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩላት። ኮቴዋ ምድር ቤት ደረሰ። ከዚያ የብረት በር ስታንኳኳ ሰማሁ። ደግማ አንኳኳች። ስም ጠራች፤ መልስ የለም።

ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ነበር።

ደብዳቤውን አጣጥፌ ያዝኩት። ወደላይም ወደታችም አልሄድኩም። ማንኳኳቱ እስኪቆም እዚያው ግድግዳው ላይ እንደተለጠፍኩ ቆየሁ፤ ተመልሳ ስትሮጥ መንገዷን መዝጋት አልፈለግሁም።