ጉንፋኑን አላስነካም ያለው ሰዓት ሠሪ

ሰዓት ሠሪው አልለቅም ያለው ጉንፋኑን ነው። ሌላው ሰው ጉንፋን ሲይዘው ልቀቀኝ ብሎ ይማጸናል፤ እሱ ግን እንደ ርስት ተሟገተለት።

የነገሩ ሥር ሱቁ ናት። ክንድ ሲዘረጉባት ሁለቱንም ግድግዳ የምታስነካውን ያችን ጠባብ ሱቅ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን ዘግቷት አያውቅም። በሠርጉ ማግሥት እንኳ ሙሽራዪቱን ከባንኮኒው ኋላ አስቀምጦ የግድግዳ ሰዓት ሲጠግን ውሏል። በዚያ ሰሞን ታዲያ ከጉንፋን የሚከፋው ኢንፍሉዌንዛ ወደ ሰፈሩ ገባ። ጫማ ሰፊው ወደቀ፤ ፎቶ አንሺው ተከተለ፤ መድኃኒት ሻጩ ራሱ በሩን ዘግቶ ተኛ። ሰዓት ሠሪው ብቻ በተራ ጉንፋን እያነጠሰ ቆሞ ቀረ።

ነርስ የሆነችው የሚስቱ እኅት ልትጠይቀው መጥታ ሳለ፣ ሳትጠነቀቅ እውቀቷን አካፈለችው።

«ጋሼ፣ አንድ ቫይረስ ሲገባ ሰውነት ደወል ይደውላል። ያን ጊዜ የአፍንጫህ ሴሎች በራቸውን ስለሚቀረቅሩ ሌላው ቫይረስ ለጥቂት ቀን መግባት ሊቸግረው ይችላል።»

«ዘበኛ አለህ በይኛ።»

«ሊቸግረው ይችላል ነው ያልኩህ። አንዳንዴ ደግሞ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ቫይረሱ ያቆሰለውን ሳንባ ባክቴሪያ ይወርሰዋል።»

ሰዓት ሠሪው ግን የሚሻውን ሰምቶ ጆሮውን ቆልፎ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንፋኑን እንደ ክቡር እንግዳ ያስተናግደው ጀመር። ማር የገባበት ሻይ ሲቀርብለት ገፋ፤ ሹራብ ሲደረብለት አወለቀ። ባነጠሰ ቁጥር በወረንጦ የያዛት፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ብሎን በርራ ትጠፋለች፤ ደንበኛና ባለሱቅም ጎን ለጎን ተንበርክከው ወለል ይዳብሳሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አፍንጫ ነው ቧንቧ?» አለችው ሚስቱ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አላት እየተናፈጠ።

በስምንተኛው ቀን መከራ መጣ፤ ዳነ። ጧት ተነሥቶ በሁለቱም አፍንጫው አየር ቢስብ ያለ አንዳች እንቅፋት ገባለት፤ ፊቱም ጠቆረ። ሱቁን ከመክፈቱ በፊት፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ሲያነጥስ ከመንገድ ሰማና ወደ እሱ ገሠገሠ።

«ወንድሜ፣ እስቲ ወደዚህ ዞር በልና አንዴ አነጥስልኝ።»

«ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ጉንፋኔ አለቀብኝ።»

ልብስ ሰፊው ለጎረቤት የማይሰስት ሰው ነበርና ሦስት ጊዜ አነጠሰለት። የልብስ ሰፊው ሕመም ግን ጉንፋን አልነበረም፤ ያው ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

ሁለት ቀን ቆይቶ ሰዓት ሠሪው በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጥርሱን ያንቀጫቅጭ ጀመር፤ ሱቂቱም በሠላሳ አንድ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ቀን ቁልፍ ቀመሰች። ነርሷ ቴርሞሜትሩን ከብብቱ አውጥታ አየችና፣ እኅቷ አጠገቧ ቆማ እየሰማች፣ «አሁንስ አመንክ፣ ጋሼ?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ የማምነው ይሄን ነው፤ ያ ምስኪን ጉንፋን ስምንት ቀን ሙሉ በሬ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አንዲት ትኩሳት አላሳለፈም፤ እሱ ገና ዘወር ከማለቱ ይኸው ተዘረፍኩ። ዘበኛ ሲሄድ ሌባ ከገባ ጥፋቱ የዘበኛው ነው እንዴ? ሱቁም ቢሆን በሩ ነው እንጂ የተዘጋው፣ ሥራው አልተዘጋም፤ የልብስ ሰፊው ሰዓት ትራሴ ሥር አለችና ወረንጦዬን አቀብሉኝ። ስትወጡ ደግሞ ጤነኛ ጉንፋን የያዘው ሰው ካገኛችሁ ወደዚህ ላኩልኝ።»