የጀማነሽ በር

ጀማነሽ ቁጭ ማለት አታውቅም። ካዛንቺስ ሳለች ሰው ታመመ ሲባል ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች፤ ሳትጠራ ሄዳ፣ አልጋ አንጥፋ፣ ምክሯን ደርድራ የምትመለስ። ያቺ ሴት ዛሬ ቄራ በተከራየችው ቤት ደጃፍ ቆማ ጠያቂ ትመልሳለች ቢባል ማን ያምናል?

ምክንያቷ ዮርዲ ናት። የሰባት ዓመቷ ልጇ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ናት፤ መድኃኒቱ በሽታውን ሲመታ በሽታ የመከላከል አቅሟንም አብሮ ይመታል። ባለፈው ክረምት ጉንፋን የያዘው ዘመድ ጉንጯን ስሞ ሄደና ነገሩ ሳንባ ምች ሆነ፤ ልጅቷ በኦክስጅን ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ የጀማነሽ ዓይን ከልጅቷ ደረት አይነቀልም። ወጥ እያማሰለች ታያለች፤ ልብስ ማስጣቷን ትታ ተመልሳ ታያለች።

እትዬ ቀለመወርቅ የካዛንቺስ ጎረቤቷ ነበሩ። ሰፈሩ ፈርሶ እሳቸው ከተማው ዳር ገብተዋል፤ አንድ ቀን ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ብርቱካን አንጠልጥለው መጡ። ጀማነሽ ግቢው ውስጥ ዱካ አቀረበችላቸው።

«እዚህ ይቀመጡልኝ እትዬ። ሐኪሙ ሰው እንዳይጠጋት ብሏል።»

«እኔንም? ክርስትና ስትነሳ ያቀፍኳትን?»

«እርስዎንም። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ብርቱካኑን ዱካው ላይ ትተው ሄዱ። ጀማነሽ አለቀሰች፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

በሳምንቱ፣ በአንድ ዝናባማ ጠዋት፣ ጀማነሽን ራሷን ጉሮሮዋን ከረከራትና ሳለች። ደገማት። «በቃ፣ አቧራ ነው» አለች ለራሷ። ይህን ያለ ስንት ጠያቂ ከደጅ መልሳለች! ደነገጠች። አፏን በነጠላዋ አፍና ወጣች፤ በሩን ከውጭ ዘግታ ደወለች።

«እትዬ፣ እኔኑ ሳል ያዘኝ። ከእርስዎ ሌላ የማምነው የለኝም።»

«ደፋር!» አሉና ስልኩን ዘጉባት።

ግን መጡ። እጃቸውን ታጥበው፣ ማስክ አድርገው፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት ገቡ። ጀማነሽ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ተነሳች፤ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። ሳሉ ቀድሞ ወደ ልጅቷ ተላልፎ ቢሆንስ?

«እትዬ፣ ብርድ ልብሱን ዝቅ ያድርጉልኝ! ደረቷ አይታየኝም!»

ዮርዲ ይህን ሰማች። በእትዬ ተደግፋ ወደ መስኮቱ መጣች፤ አፏን ወደ መስታወቱ አስጠግታ እፍ አለችበት። መስታወቱ ጭጋግ ለበሰ።

«ይኸው እማ፣ እየተነፈስኩ ነው።»

ጀማነሽ ጭጋጉ እስኪጠፋ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

«ድገሚልኝ» አለች።