በሩ ላይ የቀረ ጫማ

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ሜላት ዓይኗን ስልኳ ላይ እንደተከለች፣ «አባባ፣ ቨርሚን ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ቪዲዮው ውስጥ አንድ ሰውዬ በእንግሊዝኛ እየጮኸ ጎረቤቶቹን በዚህ ቃል ይሰድባል። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

በወጣትነቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ሳጣ፣ አቃቂ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሸከም ነበር። ክረምት ነው፤ ከሳሪስ የሚያመጣው መንገድ ጭቃ በጭቃ፣ መጋዘኑም እርጥብ ስንዴ ይሸታል። አለቃችን ጋሽ ደምሴ የነቀዝ መድኃኒቱን ጣሳ አንስተው፣ ላዩ ላይ የተጻፈችውን የእንግሊዝኛ ቃል እያሳዩ፣ «እስቲ ተማሪው፣ ይቺ ምን ትላለች?» አሉኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ ቨርሚን ከላቲን የመጣ ቃል ነው፣ ድሮ ትል ማለት ነበር፣ ኋላ ግን አይጡንም ቅማሉንም ነቀዙንም፣ ብቻ ሰው እንዲጠፋለት የሚፈልገውን ሁሉ ያዘ ብዬ አስረዳሁ።

«በሉ እናጥፋዋ!» አሉ ጋሽ ደምሴ። ሁላችንም ሳቅን።

መድኃኒቱ ሰውም ስለሚገድል፣ ሸራ ከመዘርጋታችን በፊት ስም መጥራት ልማዳችን ነበር። ከሸምሱ በቀር ሁሉም «አቤት» አለ። አርብ ስለነበር «ለጁምዓ መስጊድ ሄዷል» ተባለ። ከጣሳው ያወጣነውን መርዛማ ክኒን በየጆንያው መሃል አስቀምጠን ክምሮቹን በሸራ ሸፈንን፤ ጠርዙንም በአሸዋ ቀበርነው። ከዚያ ሽሯችንን በላን። የሸምሱን ድርሻ ከድነን አስቀመጥንለት።

እጄን ልታጠብ ስወጣ የመጋዘኑ በር ጥግ የሸምሱን ላስቲክ ጫማ አየሁ። ለሶላት ጫማውን የሚያወልቀው እዚያ ነው። ለካ በዝናቡ ምክንያት መስጊድ አልሄደም፤ ባዶ ጆንያ አንጥፎ በክምሮቹ መሃል ሰግዶ፣ እዚያው ከዓይናችን ተሰውሮ እንቅልፍ ጥሎታል።

«ሸምሱ ውስጥ ነው!»

ጋሽ ደምሴ ቀድመውኝ አሸዋውን በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። ሸራው ሲገለጥ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል የመርዙ ጋዝ ሽታ ፊታችንን መታን። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። እግሩን ይዘን ጎትተን ዝናቡ ላይ አስተኛነው። አስመለሰው፣ ሳለ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላም ዓይኑን ገለጠ።

«ምነው፣ ሰው የለም ብላችሁ ነው?» አለ።

ጋሽ ደምሴ ጫማውን ከበሩ አምጥተው አጠለቁለት።

«ትል ማለት ነው» አልኳት ሜላትን። «ትል ብቻ?» ስትለኝ የሸምሱን ጫማ ታሪክ ነገርኳት። ስልኩ ላይ ሰውዬው አሁንም ይጮኻል፤ አጠገቡ የቆሙትም እኛ እንደሳቅነው ይስቃሉ። ያ ፍርሃት ከስንት ዘመን በኋላ ተመለሰብኝ። ከመሃላቸው የቀረ ጫማ ይኖር እንደሆነ በር በሩን የሚያይ አንድ ሰው ፈለግሁ፤ አጣሁ።