አባባ የጨረሱልኝ ሥዕል

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ካርታ ሲነድፉ የኖሩ ሰው ናቸው። መንገዱ፣ ወንዙ፣ ወሰኑ ሁሉ በእሳቸው እጅ በቀጭን ጥቁር መስመር ይለያል። እኔ ልጃቸው ደግሞ መስመር የሚባል ነገር የሌለበት የመልክዓ ምድር ሥዕል እሠራለሁ። ከአገር ወጥተው እኔ ወደምኖርበት ኖርክሮስ ከተማ ከመጡ ጀምሮ አንገታቸውን ጠመም አድርገው፣ «ቆንጆ ነው፤ መቼ ነው የምትጨርሺው?» ይሉኛል። አልቋል እኮ አባባ! ስንቴ ልንገርዎት? እንግዳ ሲመጣማ «ልጄ ጉም ቸርቻሪ ሆናለች» እያሉ ያስቁብኛል።

የምሥለው ውጭ ቆሜ ነው። የሥራ ሺፍቴ ሳይደርስ፣ ገና ሲነጋ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ወንዙ ዳር መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ብርሃኑ ሳይለወጥ የቻልኩትን እቀባለሁ። ጥቁር ቀለም አልገዛም። ጥላ ልብ ብሎ ላየው ሰማያዊ ነው፤ አንዳንዴም ወይን ጠጅ።

ባለፈው ጸደይ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል እንድሰቅል ተፈቀደልኝ። ሥራዬን ሰው ፊት ሳቀርብ የመጀመሪያዬ ስለነበር እንቅልፍ አጣሁ። ወንዙን በጉም ተሸፍኖ የሣልኩትን መረጥኩ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ሳይሞላ ማስረከብ ነበረብኝ። ጠዋት ልጠቀልለው ብሄድ፣ ጉድ ነው! እያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያውን በጥቁር ማርከር ተከቧል። ድልድዩም፣ ድንጋዩም አልቀረም። እጃቸው አንድ ቦታ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ጨረስኩልሽ» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ደሜ ፈላ። አባቴ ላይ ጮኬ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ። «ገደሉኝ እኮ አባባ! በሉ ይነሱ፣ ጃኬትዎን ይልበሱ!»

ወንዙ ዳር ስንደርስ ጉሙ ገና አልገፈፈም። ወንበር ዘርግቼላቸው ባዶ ሸራ አቆምኩ። «እስቲ ያ ዛፍ የሚያልቅበትን መስመር ያሳዩኝ» አልኳቸው፣ ንዴቴ ሳይበርድ።

ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያው፣ እዚህ ጋ...» ጉሙ ፈቀቅ አለ። «አይ፣ እዚያ...» ፀሐይ ፈነጠቀችና የግንዱ ግማሽ ከውሃው ጋር አንድ ሆነ። ጣታቸውን መለሱ። እኔም ትቻቸው በተበላሸው ፋንታ የሚሰቀል ሌላ ሥዕል መቀባት ጀመርኩ። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ያ ግድግዳ ባዶ ሊቀርብኝ ነው። ደግሞ አሳዘኑኝ። ያን ሁሉ መስመር ያሰመሩት ለእኔ ብለው ነው። ለእሳቸው ስል የግንዱን ዳር ትንሽ ላድምቀው ይሆን እያልኩ ብሩሼን ይዤ ቆምኩ።

አባባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ተይው! ምኑን ታስተካክያለሽ? ፍጠኚ እንጂ ልጄ፣ ብርሃኑ ሊሄድብሽ ነው!»